ወደ ዳር የሚስብ መንገድ

የኢትዮጵያን አውራ ጎዳና የሚነድፍ መሐንዲስ ሜዳ ላይ እንኳ ጠፍጣፋ መንገድ አይሠራም። መሐሉን ከፍ፣ ግራና ቀኙን ወደ ቦዩ ዝቅ ያደርገዋል። ለአስፋልት የተለመደው የጎን ተዳፋት 2.5 በመቶ ገደማ ሲሆን ለጠጠር መንገድ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። ስፋቱ 3.5 ሜትር በሆነ አንድ የመኪና መስመር ላይ 2.5 በመቶ ማለት የዳሩ ጠርዝ ከመሐሉ ጠርዝ በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። እግረኛ አይነቃበትም። ዝናብ ግን ወዲያው ያውቀዋል፤ መንገዱም እንዲህ የተሠራው ለዝናቡ ሲባል ነው።

ይህን ነገር በልኩ ካስቀመጡት ሰዎች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የሠራው ስኮትላንዳዊው ጆን ላውደን ማክአዳም ነው። በእርሱ ዘመን ብዙ መንገዶች መሐላቸው እጅግ ያበጠ ነበር፤ ጋሪ ነጂዎች ዳሩን እየፈሩ ሁሉም በመሐል ይሄዱና እዚያው ይቦረቡሩታል። ማክአዳም ስፋቱ 30 ጫማ ለሆነ መንገድ የመሐሉ ከፍታ 3 ኢንች ቢሆን ይበቃል አለ። ዋናው ጭንቀቱ ውሃ ነበር። ከሥር ያለው አፈር ደረቅ እስከሆነ ድረስ የሚጫንበትን ይሸከማል፣ ውሃ ከገባው ግን ምንም ዓይነት ድንጋይ አያድነውም።

እንግዲህ ተዳፋቱ የማንም ስንፍና አይደለም፤ መንገዱን በሕይወት የሚያቆየው እርሱ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው መንገድ ላይ ከሚሄዱት መካከል ተዳፋቱ ዕዳ የሚሆንበት አለ፤ ከሁሉም ይልቅ የሚከፍለውም ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ነው። ለሁሉ የሚጠቅም ነገር አንዱን ለብቻው ወደ ዳር የሚጎትተው ከሆነ፣ ከመስመር የወጣ ዕለት ተጠያቂው ማን ነው? መንገዱ? የተሽከርካሪው አሠራር? ወይስ መሪውን የያዘው እጅ? ጥያቄው ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ የሚተው አይደለም። ፈላስፎችና የሃይማኖት መምህራን ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት የሰው ዝንባሌና የሰው ፈቃድ ጉዳይ ራሱ እዚህ አለ።

በቅድሚያ ስበቱ ከየት እንደሚመጣ መረዳት ያስፈልጋል።

ባለ ሁለት ጎማ ሞተርሳይክል በተዳፋት ላይ ሲሄድ የሚያዘነብለው መንገዱ ብቻ ነው። ሞተሩና ነጂው ወደ መሬት በሚስበው ኃይል መስመር ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ጎማው ክብ ጎን ስላለው አስፋልቱን የሚነካበት ቦታ ትንሽ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ነገሩ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ባጃጅ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ሁለቱ የኋላ ጎማዎቹ መንገዱን ግራና ቀኝ ስለያዙ መንገዱ ሲያዘነብል ሹፌሩም፣ ተሳፋሪውም፣ ጣሪያውም አብረው ያዘነብላሉ። ክብደቱ ከነተሳፋሪው 600 ኪሎ ቢሆን፣ በ2.5 በመቶ ተዳፋት ላይ የ15 ኪሎ ክብደት ያህል ኃይል ያለማቋረጥ ወደ ቦዩ ይስበዋል። የጎማዎቹ የመያዝ ኃይል አብዛኛውን ይቋቋመዋል። የተረፈው ግን መሪው ላይ ይደርሳል፣ ሹፌሩም ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ክንዱ ጥቂት ሲገፋ ይውላል።

የበለጠ የሚያስደንቀው ነገር የፊት ጎማው አቀማመጥ ነው። ጎማው መሬት የሚነካው መሪው ከሚዞርበት ዘንግ መስመር ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቶ ነው። በሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፦ ጎማው ሁልጊዜ ዘንጉን ስለሚከተል፣ መሪው ቢወዛወዝ እንኳ ራሱን ወደ ቀጥታው ይመልሳል። በተዳፋት ላይ ግን ጎማው አካሉን ለመደገፍ ወደ ላይኛው ጎን ይገፋል፤ ግፊቱም ከዘንጉ ኋላ ስለሚያርፍ የጎማውን አፍንጫ ወደ ታችኛው ጎን ያዞረዋል። በሜዳ ላይ ጎማውን ቀጥ የሚያደርገውና በተዳፋት ላይ ለቦዩ አሳልፎ የሚሰጠው አንድ ባሕርይ ነው። በአሜሪካ ትልልቅ ሞተርሳይክሎችን ወደ ባለ ሦስት እግር የሚቀይሩ ጋራዦች ይህን ርቀት ያሳጥሩታል። መሪው ይቀልላል፣ ስበቱም ይቀንሳል፤ በዚያው ልክ ራሱን የመመለስ ጉልበቱም ይደክማል። ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ መውሰድ አይቻልም።

ሰው ላይም ይህ ይታያል። በደግ ቤት ልጅን ቀጥ አድርጎ የሚያሳድገው ታዛዥነት፣ በክፉ አዛዥ ሥር ሲውል ወታደሩን ንጹሕ ሰው ላይ ያስተኩሰዋል። ለወዳጅ ታማኝ መሆን የሚደነቅ ጠባይ ነው፤ ወዳጁ ሲሰርቅ ያንኑ ታማኝ ሰው ሐሰተኛ ምስክር ያደርገዋል። እነዚህ ሰዎች ሁለት ጠባይ የላቸውም። አንዱ ጠባያቸው ሁለት ዓይነት መሬት ላይ አርፏል። ስለዚህ አንድን ሰው «ዝንባሌው ክፉ ነው» ብሎ ከመደምደም በፊት የቆመበትን መሬት መመልከት ይገባል።

ለዚህ የባጃጅ ታሪክ ራሱ ጥሩ ምስክር ነው። ሥር መሠረቱ የጣሊያኑ ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው አፔ የተባለው ባለ ሦስት እግር ሲሆን፣ ነዳፊውም ቬስፓን የፈጠረው ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ነበር። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ሲያመርት ቆየ፤ በኢትዮጵያ ከተሞችም ስሙ የተሽከርካሪው መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ሕንድ ውስጥ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ መንገዱም ባጃጁን ወደ ግራ ይስበዋል። ኢትዮጵያ ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ከተዛወረች ወዲህ በቀኝ ትሄዳለች። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ዓይነት ባጃጅ ፑኔ ላይ ወደ ግራ፣ ሐዋሳ ላይ ወደ ቀኝ ይጎተታል። ስበቱ የተሽከርካሪው ተፈጥሮ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም አገር ወደ አንድ ጎን ይሆን ነበር። የመንገዱ ብቻ ቢሆን ደግሞ ባለ ሁለት ጎማውንም እኩል በጎተተው። ስበቱ የሚወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው።

ከዛሬ 2,200 ዓመት ገደማ በፊት በአቴና ያስተምር የነበረው ስቶይኩ ክሪሲጶስ ለዚሁ ጉዳይ ምሳሌ ፈልጎ ያገኘው ተዳፋት ላይ ነው። የጻፋቸው መጻሕፍት ቢጠፉም ሲሴሮ ስለ ዕጣ ፈንታ በጻፈው ድርሰትና አውሉስ ጌሊየስ በኋላ ባጠናቀረው ሥራ ምሳሌው ተርፏል። ሲሊንደርን ተዳፋት ላይ ብትገፋው ይንከባለላል፤ ሾጣጣ ቅርጽንም ብትገፋው ይዞራል። እንቅስቃሴውን ያስጀመረው የውጭ ግፊት ነው። አንዱ በቀጥታ፣ ሌላው በክብ የሚሄዱት ግን በየራሳቸው ቅርጽ ነው። ሰውም ከውጭ የሚገፋው ነገር ቢኖርም፣ ለግፊቱ የሚሰጠው ምላሽ ከራሱ ጠባይ ስለሚወጣ ተጠያቂነቱ አይቀርለትም ሲል ክሪሲጶስ ይከራከራል።

ምሳሌው ብልህ ነው፤ ግን ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ ሲሊንደሩ ቅርጹን አልመረጠም። «በቅርጽህ ምክንያት ተንከባለልህ» ብሎ መውቀስ ያልመረጠውን ነገር ማስከፈል ነው። ሁለተኛው ጉድለት ይከፋል፦ ሲሊንደር መሪ የለውም። ግፊትና ቅርጽ ከተገናኙ በኋላ የሚሆነው ሁሉ ይሆናል። ባጃጁ ላይ ግን ተዳፋትም፣ የሦስት እግር ቅርጽም፣ እጅም አለ። የሰው ነገር ከሲሊንደሩ ይልቅ ለባጃጁ ይቀርባል። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1710 ባሳተመው «ቴዎዲሴ» በተባለ መጽሐፉ ምክንያቶች ፈቃድን እንደሚያዘነብሉት፣ ግን እንደማያስገድዱት ሲከራከር ይህን ሦስተኛውን ነገር ለማዳን ነበር የሚታገለው።

የእጁ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበውን አይመስልም። ነጻ ፈቃድ ሲባል አእምሮ የሚሄደው ወደ መንታ መንገድ ነው፦ ሰውዬው ቆም ይላል፣ ያመዛዝናል፣ አንዱን ይመርጣል። በተዳፋት መንገድ ላይ የሚሄድ ሹፌር እንዲህ ዓይነት ቅጽበት የለውም። ቦዩን የመረጠ ሹፌር የለም። ቦይ ውስጥ ለመግባት እጅን ማላላት ብቻ ይበቃል። በሜዳ ላይ መሪን ለአፍታ መልቀቅ ምንም አያመጣም፤ በተዳፋት ላይ ያው መልቀቅ ወደ ታች መጠምዘዝ ይሆናል። ከክፋት የከፋው ክፍል የሚመጣው በዚህ መንገድ ይመስላል። ጉቦ የለመደ ሹም አንድ ቀን ተነስቶ ሌባ ለመሆን አልወሰነም። ዙሪያው ሁሉ ወደዚያ ያዘነበለ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከዕለታት አንድ ቀን እጁን አላላ።

ታዲያ ስበቱ ራሱ፣ እጅ ሳይላላ፣ ጥፋት ነው?

የምዕራቡ ክርስትና በዚህ ተከፋፍሏል። ማርቲን ሉተር ከጥምቀት በኋላም በሰው ውስጥ የሚቀረው ክፉ ምኞት በራሱ በእውነት ኃጢአት ነው ብሎ አስተማረ። የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1546 በአምስተኛው ስብሰባው መልስ ሰጠ፦ ምኞቱ ከኃጢአት የመነጨ፣ ወደ ኃጢአትም የሚያዘነብል ነው፤ ነገር ግን ለትግል የተተወ ስለሆነ ለማይስማሙበት አይጎዳቸውም። በእስልምና ነቢዩ ሙሐመድ፣ ነፍስ የምታንሾካሹከውን ነገር ሰው እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራው ድረስ አላህ እንደሚምር መናገራቸው በቡኻሪና በሙስሊም ሐዲሶች ተመዝግቧል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኃጢአት በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይፈጸማል ብላ ታስተምራለች። ማሰብም ከሦስቱ አንዱ መሆኑ ሚዛኑን ያከብደዋል። የግብጽ በረሃ መነኮሳት ግን ጥንቱኑ በዚሁ በሐሳብ ውስጥ ልዩነት አድርገው ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሞተው ኤቫግሪዮስ ሐሳብ መጥቶ ነፍስን ማወኩ በሰው ሥልጣን ሥር አይደለም፣ እንዲሰነብት መፍቀዱ ግን በሰው እጅ ነው ብሎ ጽፏል።

ባለ ሦስት እግሩን ያሽከረከረ ሰው ከሉተር ይልቅ ለመነኮሳቱ የሚያደላ ይመስላል። መሪው ወደ ዳር ሲስበው ሹፌሩ ምንም አላጠፋም። ስበቱ እንዳይኖር ማድረግም አይችልም፤ መንገዱ እስካለና ጎማው ሦስት እስከሆነ ድረስ ይኖራል። የሉተር ክብደት ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ስበቱን እንደ ቀላል ነገር የቆጠረ ሹፌር ቀስ በቀስ ከመስመሩ መውጣቱን ሳያውቅ ይወጣል፤ ሉተር የፈራውም ይህን ቸልተኝነት ነው። ዝንባሌን ያለ ወቀሳ ግን በንቃት መያዝ ይቻላል፤ ጠንቃቃ ሹፌር በየዕለቱ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚጠራው «ሐተታ» ስለዚሁ ነገር የራሱ ድምፅ አለው። ደራሲው ማን ነው የሚለው ክርክር አልተዘጋም። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 የጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው ሲል፣ ክላውድ ሰምነር ደግሞ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብሎ ተሟግቷል። መጽሐፉ ግን ደካማነትንና ነጻነትን በአንድ ሰው ውስጥ ማስቀመጡን ማንም አይክድም። የሰው ባሕርይ ሰነፍና ደካማ ነው፣ እውነትን ቢወድም ለመመርመር አይታገልም ይላል። ወዲያውም እግዚአብሔር ሰውን በሥራው ላይ ባለ ሥልጣን አድርጎ እንደፈጠረው፣ ደግም ክፉም መሆን በፈቃዱ እንደሆነ ያስተምራል። ለሐተታው ድካሙ የነጻነት መካድ አይደለም። ነጻነቱ የሚሠራበት መሬት ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ራስ ሲሆን ነው። ስለ ሌላው መፍረድ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል፤ ይህ ጽሑፍም ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው። ባለ ሁለት ጎማው ነጂ ያንኑ መንገድ ሲመላለስበት ይኖራል፤ መሪው ግን ጎትቶት አያውቅም። ከፊቱ ያለው ባጃጅ ወደ ዳር ሲሸሽ ባየ ጊዜ «እኔም በዚሁ መንገድ ነው የምሄደው፣ ምን ሆኖ ነው?» ማለቱ አይቀርም። አልዋሸም። በእርግጥ በአንድ አስፋልት ላይ ናቸው። ያው አስፋልት ለአንዱ ሜዳ፣ ለሌላው ተዳፋት መሆኑን የሚነግረው ነገር ግን በእጁ ውስጥ የለም። መጠጥ ፈጽሞ የማያምረው ሰው በሰካራሙ ላይ፣ ተርቦ የማያውቅ በሌባው ላይ፣ ተፈጥሮው ቀዝቃዛ የሆነ ሰው በቁጡው ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ዓይነት ነው። የራሱን አለመጎተት ለብርታቱ ይቆጥረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1976 ፈላስፎቹ ቶማስ ኔግልና በርናርድ ዊሊያምስ «የሞራል ዕድል» በሚል ርዕስ የተከራከሩት በዚህ ላይ ነበር። ኔግል ፍሬኑን በጊዜው ያላስመረመረ የጭነት መኪና ሹፌርን ያነሳል። ሕፃን ልጅ መንገድ ላይ ካልገባበት ጥፋቱ ትንሽ ቸልተኝነት ይባላል፤ ከገባበት ግን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል። ሹፌሩ ያደረገው ነገር በሁለቱም አንድ ነው። ኔግል ከዚህ አልፎ ሰው ይዞት በተወለደው ጠባይም እንዲሁ ዕድል እንዳለበት ያሳያል፤ የባጃጁና የሞተርሳይክሉ ልዩነት የሚመደበው በዚህኛው ሥር ነው።

ጠባይ ደግሞ እስከ መጨረሻው የተወሰነ ነገር እንዳልሆነ ነዳፊዎች አሳይተዋል። ፒያጆ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ኤምፒ3፣ ያማሃም በ2018 ያቀረበው ኒከን ፊት ለፊት ሁለት ጎማ አላቸው፤ ጎማዎቹን የሚያያይዘው ብረት ግን እንዲታጠፍ ተደርጎ ስለተሠራ እንደ ባለ ሁለት ጎማ ያዘነብላሉ። የመንገዱ ተዳፋት አይገዛቸውም። ሦስት እግር መሆን በራሱ የስበቱ ምክንያት እንዳልነበረ ከዚህ ይታወቃል። ምክንያቱ ግትርነቱ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ግን ውድ ነው፤ በአዳማ ወይም በባሕር ዳር ለዕለት ጉርሱ የሚሯሯጥ ሹፌር የሚገዛው አይደለም። አንዱ የሚታገለውን ስበት ሌላው በገንዘብ መገላገሉም በፍርድ ሚዛን ላይ መግባት አለበት።

የባጃጅ ሹፌር ያለ ገንዘብ ያገኘው መፍትሔ መሐሉን መያዝ ነው። የፊት ጎማው በከፍታው ላይ፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ግራና ቀኝ በሁለቱ ተዳፋት ላይ ሲሆኑ ስበቱ እርስ በእርሱ ይጣፋል፣ ክንዱም ያርፋል። የማክአዳም ዘመን ጋሪ ነጂዎች ያደረጉትም ይህንኑ ነበር። ችግሩ እዚያው መስመር ላይ ከፊት ለፊት አይሱዙ መምጣቱ ነው። ለክንድ ዕረፍት የሚሰጠው ቦታ ለሕይወት የሚያሰጋው ቦታ ሆነ። መንገድ ሠሪው ስለ ውሃ ትክክል አሰበ፤ ዳሩን ጠግኖ፣ ጉድጓዱን ደፍኖ ለባለ ሦስት እግሩ የሚሆን ቦታ የማስተካከል ግዴታው ግን በተዳፋቱ ትክክለኛነት አይሰረዝም። የሹፌሩ ኃላፊነት የመንገድ ሠሪውን ኃላፊነት አይቀንስም፤ የመንገድ ሠሪውም የሹፌሩን አያነሳም። ኃላፊነት ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው የሚጎድል ነገር ተደርጎ ስለሚታሰብ ብዙ ክርክር በከንቱ ያልቃል።

አርስቶትል በኒቆማኪያዊ ሥነ ምግባር ሁለተኛ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሰጠው ምክር ከዚህ ሁሉ በላይ ተግባራዊ ነው። ሰው በመጀመሪያ ወደ የት እንደሚያዘነብል ይወቅ፤ የሚያስደስተውና የሚያሳምመው ነገር ይነግረዋል። ከዚያ የጎበጠ እንጨት እንደሚያቀኑ ሰዎች ራሱን ወደ ተቃራኒው ጎን ይጎትት። እንደ ሶቪየቱ ኤም-72 ሳይድካር፣ ማለትም በጎን የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ መቀመጫ፣ ያላቸውን ሞተርሳይክሎች የሚያስተካክል መካኒክ የሚያደርገው ልክ ይህንን ነው። በቀኝ በሚኬድባቸው አገሮች ሳይድካሩ በቀኝ ስለሆነ መንገዱም ሳይድካሩም ወደ ቀኝ ይስባሉ። መካኒኩ ሞተሩን ወደ ግራ ጥቂት አዘንብሎ ያስረዋል፤ የሳይድካሩንም ጎማ አፍንጫ ጥቂት ወደ ውስጥ ያዞረዋል። በትክክል ከተሠራ ነጂው እጁን ሳያደክም ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከልኩ ካለፈ ጎማው አስፋልቱን እየፋቀ ይሄድና ቶሎ ያልቃል። በልኩ ቢሠራም ለሁሉ ሁኔታ አይሆንም፦ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ሳይድካሩ፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ተቃራኒው ይስባል፤ ተሳፋሪው ሲወርድም ሁሉም ነገር ይለወጣል። አርስቶትልም ሰው ከመሐሉ ምን ያህል ሲርቅ እንደሚወቀስ በደንብ መወሰን ቀላል እንዳልሆነ፣ ፍርዱም በየሁኔታው ላይ እንደሚያርፍ እዚያው ላይ ጽፏል።

ለኢትዮጵያ መንገድ በጥሩ ሁኔታ የተስተካከለ እንዲህ ያለ ሞተርሳይክል ሞያሌን አልፎ ኬንያ ይግባ ቢባል፣ በዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። መንገዱ አሁን ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ስበቱን ለመቋቋም ወደ ግራ የተጋደመው ሞተርም ከመንገዱ ጋር ተባብሮ ወደ ግራ ይጎትታል። ምንም የተበላሸ ነገር የለም። ትናንት ያቀናው ማስተካከያ ዛሬ በእጥፍ ያጣምማል። ለዓመታት ፍርሃቱን በድፍረት ያቀና ሰው ትዕግሥት የሚጠይቅ ቤት ሲገባ፣ ወይም ብኩንነቱን በቁጠባ የገራ ሰው ዘመድ ለችግር ሲፈልገው የሚገጥመው እንደዚህ ያለ ነገር ነው። በሞያሌ ግራና ቀኝ የሚመላለስ ነጂ ለአንዱ አገር ብቻ አስተካክሎ ሊገላገል አይችልም። ሞተሩን ወደ ቀጥታው አቅርቦ ያስረዋል፤ የቀረውን ስበት እስከ ሞያሌ በአንዱ ክንዱ፣ ከሞያሌ ወዲያ በሌላው ይይዘዋል።